ከመጽሐፍ ጀርባ ያለችው ዙሌካ

ለቡ መብራት ኃይል ከታክሲ ወርዶ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው፣ በመድኃኒት ቤቱና በብረታ ብረት ሱቁ መካከል የተጣበቀች አንዲት ጠባብ ቤት ያገኛል። መስታወቷ ላይ «ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የመጽሐፍ ቅንብር» ተብሎ ተለጥፏል። የዙሌካ ሱልጣን ቤት ናት። ዙሌካ እዚህች ቤት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው መጽሐፍ ስትተይብ ኖራለች። የራሷን ግን አንድ መስመር ጽፋ አታውቅም። ሰው የሚያውቀው እንዲያ ነው።

እውነቱን ለመናገር ብዙ ጽፋለች። እስቲ ቤታችሁ ካለው መደርደሪያ አንዱን መጽሐፍ አንሡና ገልብጡት። ከደራሲው ፎቶግራፍ ጎን «ይህን መጽሐፍ አንብቤ ስጨርስ» ብሎ የሚጀምር የአንድ ትልቅ ሰው አስተያየት አለ አይደል? ከሥሩም ዶክተር እገሌ፣ ደራሲና ሃያሲ እገሌ ይላል። ትልቁ ሰው እውነትም አንብበው ጨርሰው ከሆነ እሰየው። መጽሐፉ በዙሌካ ቤት ያለፈ ከሆነ ግን አንብባ የጨረሰችው ዙሌካ ናት።

ነገሩ በክፋት አልተጀመረም። አንድ ጊዜ ማተሚያ ቤቱ ሽፋን ላኩ ብሎ ሲጨቀጭቅ፣ ደራሲውም ደጃፏ ላይ ቆሞ አላስቀምጥ ሲላት፣ አስተያየት እሰጣለሁ ላሉት ሰውዬ ደወለች። «ውይ ልጄ፣ ጊዜ አጣሁ» አሏት። «አንቺ ተይበሽው የለ? ለመሆኑ ምን ይላል?» ዙሌካ አምስት ደቂቃ ያህል ነገረቻቸው። ሰውዬው እስክትጨርስ ሰሟትና «በቃ፣ ይህንኑ ያልሽውን ጻፊና ስሜን አድርጊበት» አሉ። ጻፈችው። በጣም ስለወደዱት ቀጥሎ ለመጣ ደራሲ «ረቂቁን ዙሌካ ጋ ተወው» አሉት። ወሬው ከአንዱ ትልቅ ሰው ወደ ሌላው ተላለፈ። እኛ አገር ረቂቁን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ የቆመን ሰው አላነብልህም ማለት ያሳፍራል፤ ቁጭ ብሎ ሦስት መቶ ገጽ ማንበብ ደግሞ ይሰለቻል። በኀፍረቱና በስንፍናው መካከል አንድ ሰው ያስፈልግ ነበርና ዙሌካ ሆነች።

ባሏ ሬድዋን ማታ ስትገባ «ዛሬስ ማን ሆነሽ ዋልሽ?» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ዶክተር ነበርኩ፣ ባለቅኔ ነበርኩ እያለች ትመልስለታለች። ደግሞ የራሷ ሕግ አላት። «ድንቅ» አትጽፍም፣ «ዘመን ተሻጋሪ» አትጽፍም፤ «እጅን በአፍ የሚያስጭን» ብላ ከምትጽፍ የገዛ እጇ ቢቆረጥ ትመርጣለች። ከመጽሐፉ ውስጥ አንድ የተጨበጠ ነገር ፈልጋ እሱን ታመሰግናለች። አንድ ልብ ወለድ ውስጥ ከአንዲት ውሻ በቀር የሚመሰገን ቢጠፋት ውሻዋን አመሰገነች። ደራሲው በአስተያየቱ ከመርካቱ የተነሣ ሁለተኛ መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ ስለ ውሻ ጻፈው። ሕሊናዋ አንዳንዴ ቢቆረቁራትም «ሰዎቹ እሺ ብለዋል፣ ያመሰገንኩትም በውስጡ አለ፤ ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?» ብላ ታልፈዋለች።

ጋሽ በንቲ የመጡት ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ በጭቃ ባደረገበት ሰሞን ነው። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ግንበኛ ነበሩ፤ ከለቡ እስከ ፉሪ ካሉት ቤቶች ስንቱን እንዳቆሙ እሳቸውም አያውቁትም። በፌስታል ጠቅልለው ያመጡትን አራት ደብተር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ይህ ሕይወቴ ነው። እንዳለ ተይቢልኝ» አሉ።

«ርእስ አለው?»

«ያቆምኳቸው ግድግዳዎች።»

ዙሌካ ርእሱን ወደደችው። እጅ ጽሑፋቸው ትልቅና ቀጥ ያለ ነው፤ መስመሩን በግንበኛ ቱምቢ ያስተካከሉት ይመስላል። አንድ ወር ተኩል ተየበችው። ጋሽ በንቲ በየጠዋቱ እየመጡ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ ሰው የሚቀመጥባት አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። አይናገሩም። ዙሌካ ስትስቅ ብቻ ቀና ብለው «የቱ ጋ ደረስሽ?» ይላሉ።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ዶክተር ልዑልቃል እንዲያነቡላቸው። ዶክተር ልዑልቃል ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ስማቸው ከመጽሐፍ ጀርባ የማይጠፋ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከዙሌካ ሱቅ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ አጥሩን ከሃያ ዓመት በፊት የገነቡት ጋሽ በንቲ ናቸው። ያኔ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዶክተሩ ብሎኬት ላይ ቁጭ ብለው የግንበኛውን ወግ ሲሰሙ ቆዩና «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ለምን አትጽፈውም?» አሏቸው። ዶክተሩ በማግስቱ ረስተውት ይሆናል። ጋሽ በንቲ ግን ያቺን ቃል ሃያ ዓመት ይዘዋት ኖሩ።

«ሌላ ሰው ባያነበውም ግድ የለኝም» አሉ ለዙሌካ። «እሳቸው ካነበቡልኝ ይበቃኛል።»

ትየባው አልቆ ረቂቁ ሲጠረዝም ራሳቸው ወስደው ለዶክተሩ ዘበኛ ሰጡ። ሲመለሱ ፊታቸው ልጅ የዳሩ ሰው ፊት ነበር።

በዚያ ረቂቅ ውስጥ አንዲት ገጽ አለች። ዙሌካ ከሦስተኛው ደብተር ላይ የተየበቻት አንድ ረቡዕ ቀን ነው፤ ጋሽ በንቲ በዚያ ጠዋት አግዳሚዋ ላይ አልነበሩም። ገጿ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ስለሆነ ነገር ትናገራለች። ሚስታቸው ፌኔት ሆስፒታል ከተኛች ሳምንት ሆኗታል። ጋሽ በንቲ ፉሪ ላይ አንድ ግድግዳ እያቆሙ ሳለ ልጃቸው ሶሬቲ ከሆስፒታል ደወለች። «አባዬ፣ እማዬ ትጠራሃለች፣ ና» አለች። «መጣሁ» አሉ። እግራቸው ሥር ግን ገና አሁን የተቦካ ሲሚንቶ ክምር ነበር። የተቦካ ሲሚንቶ ደግሞ አይጠብቅም፤ ጥለውት ቢሄዱ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። «ፌኔትን ትናንትም አይቻታለሁ፣ ማታም አያታለሁ፤ ይቺን ልጨርስና እሄዳለሁ አልኩ» ብለው ጽፈዋል። አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ሲደርሱ ፌኔት አርፋለች። ለልጃቸው «ታክሲ አጣሁ» አሏት። ግድግዳው ዛሬም ቆሟል፤ ጋሽ በንቲ በዚያ በኩል ማለፍ ግድ ሲሆንባቸው ወደ ማዶ ተሻግረው ነው የሚሄዱት።

ዙሌካ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። ገና አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። ሱቁን ዘጋችና ቤቷ ሄደች። ማታ ሬድዋን «ዛሬስ ማን ሆነሽ ዋልሽ?» ሲላት «ዛሬስ ማንንም ሆኜ አልዋልኩም» አለችው።

ረቂቁ ለዘበኛው ከተሰጠ ሦስት ሳምንት አለፈና ዶክተር ልዑልቃል ደወሉ።

«ዙሌካ፣ ያ ግንበኛ መጽሐፍ ትቶልኝ ሄዷል። ደግ ሰው ነው፣ ቅር እንዳይለው። እንደተለመደው አንድ ነገር በይልኝ» አሉ።

«ዶክተር፣ ይቺን እንኳ እርስዎ ቢያዩለት።»

«አየዋለሁ፣ አየዋለሁ። ሲታተም ተረጋግቼ አየዋለሁ።»

ጻፈችው። ብዙ ቃል እንደ ልማዷ ሰርዛ፣ ይህን አስቀረች፦ «ሰው ስለሠራው ሥራ ይጽፋል። ይህ ሰው ግን ሲሚንቶው እንዳይደርቅ ብሎ ስላረፈደባት አንዲት ሰዓትም ጽፏል። እዚያች ገጽ ስደርስ ሥራዬን ትቼ ቤቴ ሄድኩ። ልፈርድበት አልቻልኩም። እኔስ ስንቱን ሰው ይቺን ልጨርስና ብዬዋለሁ?» ከሥሩ ዶክተር ልዑልቃል ብላ በቴሌግራም ላከችላቸው። ዶክተሩ የአውራ ጣት ምልክት መለሱ።

ጋሽ በንቲ አስተያየቱ መጣ ስትላቸው ሊያዩት አልፈለጉም። «ታትሞ ሲመጣ ነው የማነበው። እንዳታሳዪኝ» አሉ። ሽፋን ደግሞ ከውስጡ ገጽ ቀድሞ ነው ማተሚያ ቤት የሚገባው፤ ባለ ቀለም ስለሆነ ማሽኑም ወረፋውም ሌላ ነው። ዙሌካ ሽፋኑን ላከች።

በዘጠነኛው ቀን ጋሽ በንቲ የመጨረሻውን እርማት ይዘው መጡ። አንዷ ገጽ ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዛለች።

«ይቺ ትውጣ» አሉ።

«ምነው ጋሽ በንቲ? እሷ'ኮ...»

«ሶሬቲ ታነባታለች። አሥራ ስምንት ዓመት ታክሲ አጣሁ ብያት ኖሬ፣ እውነቱን ከመጽሐፍ ላይ ትወቀው? አይሆንም። ትውጣ።»

ዙሌካ ገጿን አወጣች። ክፍተቱን ደፈነች፣ የገጽ ቁጥሩን አስተካከለች፣ ማውጫውን አረመች። ሐሳቧ ሁሉ ቁጥሩ ላይ ነበርና ማተሚያ ቤት ስለተቀመጠው ሽፋን ትዝ አላላትም። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው መጽሐፉን የተየበውና ምስጋናውን የጻፈው እጅ አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ዶክተሩ እውነት አንብበው ጽፈው ቢሆን ኖሮ፣ ያመሰገኑት ገጽ ወጥቷል ብላ ራሷ ትደውልላቸው ነበር።

አምስት መቶው መጽሐፍ በጥቅል በጥቅል ሆኖ ከመኪና ወርዶ ከግድግዳው ጋር ተደረደረ። ዙሌካ የመጀመሪያውን ጥቅል ፈትታ አንዱን ገለበጠችና ጀርባውን አነበበች። ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ጥቅሉ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው ከልጃቸው ሊሸሽጉ ያወጧትን ገጽ፣ እሷ ከጀርባ ላይ ለአገር አውጃታለች። ምን አደርጋለሁ ብላ ሳትጨርስ ጋሽ በንቲ ገቡ። ኮት ለብሰዋል፤ ጫማቸው ተጠርጓል።

መጽሐፉን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጀርባውን አነበቡ። ሲጨርሱ እንደገና ጀመሩት። ዙሌካ ቁጣቸውን ጠበቀች። ፊታቸው ግን በራ።

«አነበቡት!» አሉ። «ዙሌካ፣ እዚያች ገጽ ድረስ አነበቡት! ረቂቁ ላይ ነበረች'ኮ!»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ስሕተቷ ራሱ ማምለጫ ሆኖ መጥቶላታል። ጋሽ በንቲ የሚፈልጉትን አግኝተዋል፣ ዶክተሩም ስማቸው አልተነካም። ማንም ምንም ሳያውቅ ሊቀር ይችል ነበር።

«ልፈርድበት አልቻልኩም ብለዋል» አሉ ጋሽ በንቲ። «ይህን ያህል የተማረ ሰው ካልፈረደብኝ እኔም ለሶሬቲ ልነግራት እችላለሁ። ሌላው ሰው ሳያነበው ከራሴ አፍ ትስማው። መጀመሪያ ግን ልሂድና እሳቸው ፊት ለፊት ይንገሩኝ።» መጽሐፉን ኮታቸው ውስጥ ከተቱና ወደ በሩ ዞሩ።

ዙሌካ ዶክተሩ በር ከፍተው «የትኛው ገጽ?» ሲሉ ታያት።

«ጋሽ በንቲ፣ ይቀመጡ» አለች።

«ኋላ፣ ኋላ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቆሙ። ተመልሰው አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ። ዙሌካ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የስልኩን፣ የቴሌግራሙን፣ የአሥራ አራቱን ዓመት። ራሷን ለማዳን የጨመረችው ነገር አልነበረም።

«እሳቸውስ?» አሉ።

«እሺ አሉ።»

«አነበቡት ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አላነበቡትም።»

ጋሽ በንቲ መጽሐፉን ከኮታቸው አውጥተው በፊቱ በኩል ጭናቸው ላይ ደፉት። «እንግዲያ ማንም አላነበበውም» አሉ በቀስታ።

ዙሌካ ጥፋተኛዋ እሷ ሆና ሳለ ተናደደች። ምን እንዳናደዳት ያወቀችው እየተናገረች ነው። «እኔ አንብቤዋለሁ! ሁለት ጊዜ። ስተይብ አንዴ፣ ሳርም አንዴ። ያን ቀን ሥራዬን ትቼ ቤቴ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተሩ አይደሉም። ያልፈረድኩትም እኔ ነኝ።»

ጋሽ በንቲ ቀና ብለው አዩዋት።

«ያን ረቡዕ ዕለት» አሉ። «ረፋድ ላይ ብመጣ ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት። ታምማ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ።»

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ ለምን በስምሽ አልጻፍሽውም?»

«በእኔ ስም ቢጻፍ ማን ያነበዋል?»

«እኔ» አሉ ጋሽ በንቲ።

ዙሌካ አለቀሰች፤ ሽማግሌው አግዳሚ ላይ ሆነው እንዲህ ባለ አንድ ቃል ያሸንፉኛል ብላ አልጠበቀችም ነበር። ጋሽ በንቲ ቅር ብሏቸው ነበር፤ አላባበሏትም። እስክትጨርስ ጠብቀው እስክሪብቶ ጠየቁ። የዶክተሩን ስም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዙና መጽሐፉን አስጠጉላት።

«ያነበበው ሰው ስሙን ይጻፍ» አሉ።

ዙሌካ በእጇ ከጻፈች ስንት ጊዜዋ። ፊደሎቹ ተንጋደዱ፤ የ«ካ» እግር ከመስመር ወጣ። ዙሌካ ሱልጣን ብላ ጻፈች። ጋሽ በንቲ ጽሑፉን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና «የወጣችውንም ገጽ አትሚልኝ። ለሶሬቲ ነው» አሉ። አንዲቷ ወረቀት ከፕሪንተሩ ስትወጣ ሁለቱም ቆመው አዩዋት። ቁጥር አልነበራትም፤ ቁጥሯን ሌላ ገጽ ወስዶታል። ጋሽ በንቲ አጥፈው መጽሐፉ ውስጥ ከተቷት። የቀረውን «እስክመለስ ማንም እንዳይነካው» ብለው ወጡ።

ሁለት ቀን አልተመለሱም። ዙሌካ ጥቅሎቹን እያየች ዋለች። ዶክተር ልዑልቃል ስለ ሌላ መጽሐፍ ደውለው «እንደተለመደው» ሲሏት «ረቂቁን ልላክልዎትና ያንብቡት» አለቻቸው። ዶክተሩ ስልኩን ዘጉ። የግንበኛውን ነገር ልትነግራቸው ነበር፤ ጊዜ አልሰጧትም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አንዲት የሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሴት መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛ ገባች። ሰፊ ግንባሯን ከአባቷ ነው የወሰደችው።

«ዙሌካ አንቺ ነሽ? ሶሬቲ እባላለሁ፣ የበንቲ ልጅ።»

ዙሌካ ተነሥታ «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጥፋቱ የእኔ...» ብላ ጀመረች። ሶሬቲ በእጇ አስቆመቻት።

«ታክሲ እንዳላጣ አውቅ ነበር» አለች። «ያን ዕለት አውቄዋለሁ።»

አግዳሚዋ ላይ፣ አባቷ በሚቀመጡበት ጥግ፣ ተቀመጠች። የተጣጠፈችውን ወረቀት አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻት።

«እማዬ የት ደረሰ አለችኝ» ብላ ቀጠለች። «መጣሁ ብሏል አልኳት። ሳቀች። አቡክቶ ነው የሚሆነው፣ ተይው ይጨርስ አለችኝ። ያቦካውን ጥሎ ከመጣማ እየሞትኩ ነው ማለት ነው አለች። ከዚያ በሩን እያየች ቆየች። እሱ በዘገየ ቁጥር ፊቷ እየፈካ ሄደ። ሲዘገይ ጊዜ ደህና ነኝ ማለት ነው ብላ አመነች። ሳትፈራ ነው የሄደችው።»

«ለምን አልነገርሽውም?» አለች ዙሌካ።

«ገና በሩ ላይ ታክሲ አጣሁ አለኛ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አባቴን ውሸትህን ነው እንዴት ልበለው? ከዚያ በኋላ ደግሞ ዓመቱ እየበዛ ሄደ። ከትናንት ወዲያ ወረቀቷን ሰጥቶኝ ሲያነቡብኝ ማየት አልችልም ብሎ ወጣ። ሲመለስ ልነግረው ነበር፤ አፌ እምቢ አለ። ሁለት ቀን አብረን በላን፤ እሱም ሳህኑን ያያል፣ እኔም ሳህኑን አያለሁ። እኛ ቤት በአፍ አይሆንልንም መሰለኝ። እሱ ጽፎ ነው የነገረኝ፤ እኔም ጽፌ ልስጠው። ጻፊልኝ።»

ዙሌካ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሶሬቲ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ ዙሌካም ቃል ሳትጨምር፣ ሳታሳምር፣ እንደተነገራት ተየበች። ሲያልቅ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት። ሶሬቲ እንባዋን እየጠረገች «እንዲያ ነው፣ በቃ» አለች።

የዙሌካ ጣቶች በአሥራ አራት ዓመት ልማዳቸው ሁለት መስመር ወርደው ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ቆሙ።

«በማን ስም ይሁን?» አለች።

ሶሬቲ ገረማት። «በማን ይሆናል? በእኔ ነዋ» አለች። «ሶሬቲ በንቲ ብለሽ ጻፊው።»